ስልኩ ወይራው ድረስ ያደርሳል፣ ከዚያ ወዲያ በዓይን ነው

ልጅ ሆኖ አኩኩሉ ያልተጫወተ ያለ አይመስለኝም። አንዱ ዓይኑን ጨፍኖ «አኩኩሉ!» ይላል። ሌሎቹ እየተሯሯጡ «አልነጋም!» ይላሉ። መልሱ ሲጠፋ ሁሉም ጥጉን ይዟል ማለት ነው።

አሁን ጨዋታውን ትንሽ እንቀይረው። የሚደበቀው ሰው ሳይሆን ጣሳ ይሁን። ደባቂው ደግሞ ጣሳው ያለበትን ቦታ በቁጥር ጽፎ ለፈላጊዎቹ በግልጽ ይስጣቸው። «ታዲያ ምኑን ተደበቀው?» ትሉ ይሆናል። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር ያልኩት። ሞክሩት፤ ቁጥሩን ይዛችሁም ጣሳው ላይ ቆማችሁ ታጡታላችሁ።

ጨዋታው ጂኦካሺንግ ይባላል። ወደ እኔ የመጣው በእህቴ ልጅ በኩል ነው። እዚሁ ጎንደር የምትማርበት ትምህርት ቤት የአካባቢ ጥበቃ ክበብ አለ። ክበቡ ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ፣ በዛፎቹ መሀል፣ የእግር መንገድ ጠርጎ ነበር። ድንጋይ ደርድረው፣ ጠርዙን ኖራ ቀብተው፣ በጣም አሳምረውታል። ችግሩ ማንም አይሄድበትም። ልጆቹ በእረፍት ሰዓት ኳስ ሜዳው ላይ ናቸው። «አጎቴ ስልክ መነካካት ያውቃል» ብላ ለክበቡ ኃላፊ መምህር ነገረችልኝ። እኔም መንገዱ ዳር ጣሳ ደብቀን ልጆቹን ልንስብ ገባሁበት።

ከዚያ ወዲህ ወላጆች፣ መምህራን፣ የግቢው ጥበቃ ሳይቀሩ ይጠይቁኛል። ስልኩ ወደ ቁጥሩ የሚመራን በሳተላይት ምልክት ስለሆነ ሁሉም የሚጀምሩት ከአንድ ጥያቄ ነው፦ «ሳተላይቱ ያየናል ማለት ነው?» ስለዚህ ከዚያ ልጀምር።

አያየንም። ጂፒኤስ የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የሚያስተዳድረው የሳተላይቶች ስብስብ ነው። ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሆነው በቀን ሁለት ጊዜ ምድርን ይዞራሉ። ሥራውን ለመሥራት ቢያንስ 24 ያስፈልጋሉ፤ ላይ ያሉት ከዚያ ይበልጣሉ። እያንዳንዱ ሳተላይት ቀንና ሌሊት የሚለው ነገር ቢኖር «እኔ እገሌ ነኝ፣ አሁን እዚህ ቦታ ነኝ፣ ሰዓቱም ይህ ነው» የሚል ብቻ ነው። ስልካችን ያንን ይሰማል። ልክ እንደ ሬዲዮ ነው። ጣቢያው ማን እንደሚያዳምጠው አያውቅም። አዳማጩ ቢሊዮን ቢሆንም አንድ ቢሆንም ለእሱ ያው ነው። ቦታችንን የሚያሰላው ስልካችን ራሱ ነው። ስልኩ ያሰላውን ለማን ያካፍላል የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ የአፕሊኬሽኖች ጣጣ ነው።

እንዴት ያሰላል? የጎንደርን ክረምት አስቡ። መብረቅ ብልጭ ይላል፣ ቆይቶ ነጎድጓዱ ይመጣል። ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ በብልጭታውና በድምፁ መሀል ሦስት ሴኮንድ ከቆጠራችሁ መብረቁ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ነው የወደቀው። ጊዜን ቆጥሮ ርቀትን ማወቅ ማለት ይህ ነው። ስልኩም ምልክቱ ከሳተላይቱ ወጥቶ እስኪደርስ የፈጀበትን ጊዜ ይቆጥራል። ልዩነቱ ምልክቱ በብርሃን ፍጥነት መምጣቱ ነው፤ በሴኮንድ ወደ 300,000 ኪሎ ሜትር። ያን ሁሉ መንገድ በሴኮንድ አንድ አሥረኛ እንኳ ሳይሞላ ይጨርሰዋል።

ርቀት ብቻውን ግን ቦታ አይነግርም። አንድ ሰው ደውሎ «ከባሕር ዳር 112 ኪሎ ሜትር ርቄያለሁ» ቢላችሁ የት ነው ያለው? አሞራ በሚበርበት ቀጥታ መስመር ማለቴ ነው። በባሕር ዳር ዙሪያ ትልቅ ክብ ትሠራላችሁ፤ ሰውዬው ክቡ ላይ የሆነ ቦታ ነው። «ከደብረ ታቦርም 103 ኪሎ ሜትር ነኝ» ካለ ሁለተኛ ክብ ይመጣል። ሁለቱ ክቦች ሁለት ቦታ ላይ ይቋረጣሉ። አንዱ ጎንደር ነው። ሌላው ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ፣ ወደ መርጡለ ማርያም ገደማ ይወድቃል። ሦስተኛ መረጃ ሲጨምር፣ «ከደባርቅ 77 ኪሎ ሜትር» ሲል፣ ጎጃም ይወጣል፤ ጎንደር ይቀራል። ስልኩ የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ በከተሞቹ ፋንታ ሳተላይቶች፣ በክብ ፋንታ ሉል ያስገባል።

ቢያንስ አራት ሳተላይት ያስፈልገዋል የሚባለው ለምንድነው? በስልካችን ሰዓት የተነሳ ነው። ሳተላይቶቹ አቶሚክ ሰዓት ተሸክመዋል። የእኛ ስልክ ደግሞ ርካሽ ሰዓት ነው ያለው። በዚህ ፍጥነት የአንድ ሚሊዮንኛ ሴኮንድ ስህተት 300 ሜትር ያስታል። ስለዚህ አራተኛው ሳተላይት የስልኩን ሰዓት ማረሚያ ነው። የሳተላይቶቹም ሰዓት ቢሆን ዝም ብሎ አይተውም። አንስታይን እንዳለው ጊዜ በፍጥነትና በስበት ይለዋወጣል። እነሱ ዘንድ ሰዓቱ ከምድሩ በቀን 38 ሚሊዮንኛ ሴኮንድ ያህል ይቀድማል። ይህ ባይታረም ስህተቱ በአንድ ቀን ከ10 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ጎንደር ፒያሳ ቆማችሁ ስልኩ «አዘዞ ናችሁ» ይላችኋል ማለት ነው።

ሌላው ሁሌ የሚጠየቀው የኢንተርኔት ጉዳይ ነው። ጂፒኤስ ኢንተርኔት አይፈልግም። ዳታ ባይኖር፣ ኔትወርክ ቢጠፋ፣ ሲም ካርድ ባይኖረውም ስልኩ ሳተላይቱን ይሰማል። ኢንተርኔት የሚፈልገው ካርታው ነው፤ እሱንም ቀድሞ ማውረድ ይቻላል። ዳታ ሲዘጋ የመጀመሪያው ቆጠራ ትንሽ ይዘገያል። ስልኩ የሳተላይቶቹን መረጃ በኢንተርኔት ፋንታ ከሰማይ፣ ከራሳቸው ከሳተላይቶቹ፣ ቀስ ብሎ ስለሚቀበል ነው። ደጅ ወጥቶ ጥቂት መጠበቅ ነው መፍትሔው።

ጨዋታው ራሱ የተወለደው በአንድ ውሳኔ ማግስት ነው። የአሜሪካ መንግሥት ለረጅም ጊዜ ለሲቪሎች የሚላከውን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብሎ ያዛባው ነበር። ስህተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። በ100 ሜትር ስህተት እንኳን ጣሳ፣ ቤትም አይገኝ። ፕሬዚዳንት ክሊንተን ማዛባቱ እንዲቆም አዘዙ። ሚያዝያ 24 ቀን 1992 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 2000 መሆኑ ነው፣ ማዛባቱ ቆመ። በማግስቱ ዴቭ ኡልመር የተባለ ሰው ኦሪገን ውስጥ አንድ የፕላስቲክ ባልዲ ጫካ ውስጥ አስቀመጠ። ባልዲው ውስጥ ማስታወሻ ደብተርና አንዳንድ ዕቃ ነበረ፤ ከዕቃዎቹ አንዱ የታሸገ የባቄላ ጣሳ ነው። ቁጥሩን ኢንተርኔት ላይ ለጠፈ። በቀናት ውስጥ ማይክ ቲግ የተባለ ሰው አገኘው። ዛሬ በዓለም ላይ ከ3 ሚሊዮን በላይ እንዲህ ያሉ ድብቅ ዕቃዎች አሉ። ሕጉ ዛሬም ያው ነው፦ ፈልግ፣ ደብተሩ ላይ ፈርም፣ ዕቃ ከወሰድክ እኩያውን ወይም የሚሻለውን ተካ፣ ዕቃውን እንዳገኘኸው መልሰህ ደብቅ።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። እኔም እዚሁ ላይ ነው የተሳሳትኩት።

ኬክሮስ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ምን ያህል እንደራቅን ይነግረናል። ኬንትሮስ ከግሪኒች ተነስቶ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ይቆጥራል። ሁለቱም ትምህርት ቤት የተማርናቸው ናቸው፤ ከፈተና በኋላ የረሳናቸው። አንድ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዲግሪው እንደ ሰዓት 60 ደቂቃ አለው። ስለዚህ አንድ ደቂቃ 1.85 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የደቂቃ አንድ ሺህኛ ደግሞ 1.85 ሜትር፤ የአንድ ረጅም ሰው ቁመት። ለዚህ ነው ጨዋታው ላይ ቁጥሩ ከነጥብ በኋላ ሦስት አሃዝ የሚጻፈው። በኬንትሮስ በኩል ርቀቱ ከዚህ ትንሽ ያንሳል። ከምድር ወገብ ብዙ ስለማንርቅ ግን ለእኛ ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም።

ችግሩ አጻጻፉ ከአንድ በላይ መሆኑ ነው። የመሀል ጎንደርን አንድ ነጥብ እንውሰድ፤ ኬክሮሱ 12 ዲግሪ ከ36.500 ደቂቃ፣ ኬንትሮሱ 37 ዲግሪ ከ28.000 ደቂቃ። ብዙ የስልክ ካርታ ግን ደቂቃ የሚባል አያውቅም። እሱ በዲግሪ ብቻ 12.60833 እና 37.46667 ብሎ ነው የሚጽፈው። ቦታው አንድ ነው። እኔ ምን አደረግሁ? ደቂቃውን ነጥብ አድርጌ 12.365 እና 37.28 ብዬ ለልጆቹ ሰጠሁ። ስልኩ «34 ኪሎ ሜትር ይቀርሃል» አለ። አቅጣጫው ወደ ደንቢያ ነው። አንዱ ልጅ «ቲቸር፣ ታክሲ እንያዝ?» አለኝ። መምህር አለመሆኔን ለማስረዳትም ጊዜው አልነበረም።

ስለዚህ አንድ አጻጻፍ መርጣችሁ እስከ መጨረሻው በሱ ሂዱ። የትኛውም ይሆናል። መቀላቀል ብቻ አይሆንም።

እሺ፣ ቁጥሩ ትክክል ነው፣ ስልኩም ደህና ነው እንበል። አሁንስ ለምን ጣሳው ላይ ቆመን እናጣዋለን?

ስልክ ክፍት ሰማይ ስር እስከ 5 ሜትር ገደማ ይሳሳታል። ይህ ደህና ሲሆን ነው። ዛፍ ሥር ስንገባ ቅጠሉና ግንዱ ምልክቱን ያዳክሙታል። ግንብና የቆርቆሮ ጣሪያ ደግሞ ምልክቱን ያነጥሩታል። ነጥሮ የመጣው ምልክት ረጅም መንገድ ስለዞረ ስልኩን ያታልለዋል። አንዳንዴ ቆመን ሳለን ስልኩ ላይ ያለችው ነጥብ ወዲያ ወዲህ የምትንከራተተው በዚህ ነው። አሁን ሒሳቡን ተመልከቱ። በየአቅጣጫው 5 ሜትር መሳሳት ማለት ወደ 80 ካሬ ሜትር ቦታ መፈለግ ነው። ስህተቱ 10 ሜትር ሲሆን ከ300 ካሬ ሜትር ያልፋል። ያውም ሣር፣ ድንጋይና ቁጥቋጦ ያለበት።

ብዙ ሰው ይህንን እንደ ጉድለት ነው የሚያየው። ለእኔ ግን የጨዋታው ጥቅም እዚህ ጋ ነው። ስልኩ በትክክል ጣሳው ላይ ቢያደርስ ኖሮ ልጆቹ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳያነሱ ሄደው፣ አንስተው፣ ይመለሱ ነበር። ዛፉን አያዩትም። ስልኩ ስለሚሳሳት ግን የመጨረሻዎቹን ሜትሮች የሚመራቸው ሌላ ነገር ያስፈልጋቸዋል። እኛም የመጨረሻውን ፍንጭ በዛፎቹ አደረግነው።

ለመጀመሪያው ጣሳ የሰጠነው ፍንጭ «ላዩ የሚያብረቀርቅ፣ ጀርባው ቡናማ ወርቅ የመሰለ ቅጠል ያለው» የሚል ነበር። ወይራ ነው። ልጆቹ በሕይወታቸው ሙሉ ወይራ ያውቃሉ። እናቶቻቸው የጠላ ጋን ያጥኑበታል፣ አያቶቻቸው ጥርስ ይፍቁበታል። የቅጠሉን ጀርባ ገልብጦ ያየ ግን አልነበረም። ሁሉንም ዛፍ እየዞሩ ቅጠል ሲገለብጡ ማየት ነበረባችሁ።

ሁለተኛው ብሳና ነው፤ አረንጓዴው መሀል ብርቱካን የመሰሉ ያረጁ ቅጠሎች ጣል ጣል ያሉበት ዛፍ። ሦስተኛው ዋንዛ፦ «ፍሬዬ ይጣበቃል፣ ግንዴ ከበሮ ይሆናል።» ይህን የጻፈችው የእህቴ ልጅ ናት፤ እንቆቅልሽ እንዲመስል ብላ። ልጆቹም እንደ እንቆቅልሽ ነው የያዙት። ያልገባውን ቡድን «አገር ስጡን» ማለት ጀመርን። ጎንደርን ሰጥተውን፣ ደብረ ታቦርን ሰጥተውን፣ አዲስ አበባ ላይ አቆምን።

አራተኛው እንዶድ አጠገብ ነው። እንዶድ ላይ ትንሽ ልቆይ። ድሮ በሳሙና ፋንታ ነጠላና ጋቢ የሚታጠብበት ነው። በ1964 በፈረንጆቹ አቆጣጠር ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አየ። እነዚያ ቀንድ አውጣዎች የቢልሃርዚያን ጥገኛ ተሕዋስ የሚያስተላልፉ ናቸው። ቢልሃርዚያ በጣና ዙሪያ ያሉ ልጆችንም የሚያጠቃ በሽታ ነው። ከዚያ አንድ ትዝብት ተነስቶ እንዶድ በዓለም ደረጃ የሚጠና ተክል ሆነ። ይህንን በአንድ ገጽ ጽፈን ጣሳው ውስጥ አስገባነው። ከሁሉም ጣሳ ውስጥ ብዙ ጊዜ ተነብቦ የተጨማደደው ወረቀት ይኼ ነው።

ግራዋም ነበር፣ ጽድም ነበር። ባህር ዛፉን ዘለልነው። እሱን ማንም ያውቀዋል።

ጣሳዎቹ ለየብቻ አይቆሙም። እያንዳንዱ ውስጥ አንድ አሃዝ አለ፤ ሁሉም ሲሰበሰብ የመጨረሻውን ሣጥን ቁጥር ይሰጣል። እኔ ጨዋታውን ላሳምር ብዬ አሃዞቹን በግዕዝ ጻፍኳቸው፦ ፬፣ ፯፣ ፪። ጥሩ ሐሳብ ነበር፤ አምስተኛው ጣሳ ላይ እስክደርስ። ቁጥሩ ዜሮ ነው። ግዕዝ ዜሮ የለውም! ከአንድ ይጀምራል፣ አሥር የራሱ ምልክት አለው፣ መቶም እንዲሁ። ባዶ የሚባል አሃዝ አላስፈለገውም። ተጨንቄ ተጨንቄ ባዶ ካርድ አስገባሁ። ባዶ ማለት ዜሮ ነው ብዬ። የመጀመሪያው ቡድን ካርዱን አይቶ ስማችንን እንድንጽፍበት ነው አለና ስድስት ስም ጽፎበት ሄደ። ሁለተኛው ቡድን ስድስት ስም ሲያገኝ መልሱ ስድስት ነው አለ። አልፈረድኩባቸውም።

ልትሞክሩት ካሰባችሁ ዕቃው ላይ አትሰስቱ። የሃይላንድ ጠርሙስ ቆርጦ መሥራት አያዋጣም። የወተት ዱቄት ጣሳም ቢሆን በሰኔ ዝናብ ይዝጋል። ክዳኑ ግጥም የሚል ፕላስቲክ ዕቃ ይሻላል። ደብተሩን በፌስታል ጠቅልሉት። እስክሪብቶ ሳይሆን እርሳስ አስገቡ፤ ቀለም እርጥበት ሲነካው ይፈስሳል። ምግብ፣ ከረሜላም ቢሆን፣ አይገባም። ጉንዳን ከልጆቹ ቀድሞ ያገኘዋል። መቆፈርና ዛፍ ላይ ምስማር መምታት በዓለም አቀፉ ጨዋታም ክልክል ነው። የመጀመሪያው ባልዲ ራሱ በከፊል የተቀበረ ነበር አሉ፤ ሕጉ ከሱ በኋላ ነው የመጣው። ቁጥሩን ስትወስዱ ደግሞ አንድ ጊዜ ለክታችሁ አትመኑት። በተለያየ ቀን ሦስት አራት ጊዜ ለኩና አማካዩን ያዙ።

ፈቃድ ደግሞ ዋናው ነው። በዚህ ዘመን ባለቤቱ ያልታወቀ የተደበቀ ዕቃ ያስደነግጣል፤ ቢያስደነግጥም ትክክል ነው። ለርዕሰ መምህሩ፣ ለጥበቃዎቹ፣ ለጽዳት ሠራተኞቹ ሁሉ የእያንዳንዱን ጣሳ ቦታ አሳይተናል። ጣሳዎቹ ላይም «የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ጨዋታ፣ እባክዎ አያንሱ» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ፋሲል ግቢ ወይም ደብረ ብርሃን ሥላሴ ላይ ስለመደበቅ የጠየቁኝ አሉ። እባካችሁ ተዉት። ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው፤ ጣሳ ፍለጋ ድንጋይ የሚነቀነቅበት ቦታ አይደለም። ቤተ ክርስቲያንም የቤተ ክርስቲያን ነው።

«ታዲያ የዓለሙ ዝርዝር ውስጥ አታስመዘግቡትም?» ያለኝም ነበር። አላስመዘገብነውም። ትልቁ የጨዋታው ድረ ገጽ በሁለት ጣሳዎች መሀል ቢያንስ 161 ሜትር እንዲኖር ይጠይቃል። በእኛ ግቢ ስፋት ከአንድ ሁለት ጣሳ በላይ አይፈቀድልንም። ከሁሉም በላይ ደግሞ የማናውቀው ሰው ስልኩን እያየ በትምህርት ሰዓት ልጆች መሀል እንዲገባ አንፈልግም። ስለዚህ የግቢው ብቻ ነው። ስልክም ለየልጁ አያስፈልግም፤ መምህር የያዘው አንድ ስልክ ለአንድ ቡድን ይበቃል። ስልክ ከናካቴው ከሌለ «ከበሩ 40 እርምጃ ወደ ምሥራቅ» ማለትም ይሠራል። የእርምጃም ስህተት ያው ስህተት ነው፤ ጨዋታውን አያበላሸውም።

ክረምት ሲገባ ጣሳዎቹን ሰብስበን ስቶር ልናስገባ ወጣን። ስድስቱን ሰበሰብን። የወይራው ግን የለም። ቁጥሩ ስልኬ ላይ አለ፤ የደበቅሁትም እኔ ነኝ። ሥሩን ዞርን፣ ድንጋዩን አነሳን፣ ቅጠሉንም ገለበጥን። ሰላሳ ደቂቃ ያህል ዝናቡ ደበደበን። በመጨረሻ የግቢው ጥበቃ አባት ከጥበቃ ቤታቸው ብቅ አሉ።

«ምን ጠፋችሁ ልጄ?»

«ጣሳ ነው አባባ። የወይራው።»

«እሱማ ዝናቡ ሊያበላሽባችሁ ሲል እኔ ጋ ነው። ከረቡዕ ጀምሮ።»

ደብተሩን ከፈትኩት። ከልጆቹ ስም በታች፣ በእርሳስ፣ ተጠንቅቀው ፈርመውበታል።